የራጅ ክፍላችን ኃላፊ አቶ ዋቅወያ ጉሉማ በአንገር ወንዝ ሕይወታቸው ማለፉን ስለ ማስታወቅ

ከጨፌ ዳር ሐኪም ቤት ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር
ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለማኅበሩ አባላት፣ ለሐኪም ቤቱ ሠራተኞች፣ ለነቀምቴና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ

ባለፈው ነሐሴ የአንገርን ወንዝ በታንኳ ሲሻገሩ ውኃ የወሰዳቸው የሐኪም ቤታችን የራጅ ክፍል ኃላፊ አቶ ዋቅወያ ጉሉማ ሕይወታቸው ማለፉ በዚህ ወር በእርግጥ ስለ ታወቀ፣ ማኅበራችን ይህን መርዶ በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። አስከሬናቸው በከተማችን የወንጌላውያን መካነ መቃብር በክብር አርፏል።

እስከ ዛሬ መግለጫ ያላወጣነው ንቀን ወይም ረስተን አይደለም። በገበያ ቀን እየቆማችሁ «ማኅበሩ ስለ ኦቦ ዋቅወያ ምነው ዝም አለ? ድንኳን እንኳ አይጥልም?» ያላችሁትን ሰምተናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ታንኳው ላይ የነበሩት ሁለት የሐኪም ቤታችን ሰዎች ናቸው፤ አቶ ዋቅወያና ረዳታቸው አቶ ነመራ ታፋ። ወንዙ የመለሰልን ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ሳናውቅ መርዶ ማውጣት ደግሞ አቶ ዋቅወያ በሕይወት ሳሉ አጥብቀው የከለከሉን ነገር ነው። ለምን እንደ ከለከሉንና እንዴት እንዳወቅን ሕዝቡ ሊያውቅ ስለሚገባው ከዚህ በታች በዝርዝር ጽፈናል።

አቶ ዋቅወያ ጉሉማ የተወለዱት በሲሬ አጠገብ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በሐኪም ቤታችን በድሬሰርነት፣ ማለት በቁስል አጣቢነት፣ ተቀጠሩ። በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የራጅ መሣሪያው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሲመጣ ሥራውን እንዲማሩ ተመርጠው ተላኩና ተመለሱ። በተከታዩ ዓመት ወይዘሮ ሎሚን አገቡ። ከዚያ ወዲህ በወለጋ አውራጃዎች አጥንቱ ተሰብሮ፣ ሳንባው ታሞ፣ ጥይት ገብቶበት ወደ እኛ የመጣ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እጃቸውን ካነሣን፣ ስለ እጃቸው አሁኑኑ መናገር ይሻላል፤ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ነውና።

የጄኔሬተራችን ጉልበት ከቀን ቀን አንድ አይደለም። አንዳንድ ጧት ኃይለኛ ነው፤ አንዳንድ ጧት እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። በበሽተኛ ላይ ፊልም እንዳይባክን አቶ ዋቅወያ በየጧቱ መጀመሪያ የገዛ ግራ እጃቸውን ከመሣሪያው ሥር አድርገው ያነሱ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ በጣም ከጠቆረ ኃይሉን ይቀንሳሉ፤ ከነጣ ይጨምራሉ። አቶ ነመራ ረዳት ከሆኑ በኋላ ተራ ገቡ፤ አንድ ጧት የአለቃው እጅ፣ አንድ ጧት የረዳቱ። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ፊልሞች በራጅ ክፍሉ መደርደሪያ ሥር በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጣሉ ነበር። ስም አይጻፍባቸውም። የሚታዩት ለድምቀታቸው እንጂ ለአጥንቱ ስላልነበረ፣ የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአቶ ዋቅወያ ጥፍሮች ጠቆሩ። ቆዳቸው እንደ ቅርፊት ደረቀ፤ ኋላም ተሰነጠቀ። ሐኪማችን «ይህን ነገር ተው፤ የበግ እግር አንሣበት» ብለዋቸው ነበር። አቶ ዋቅወያ የበግ እግሩን ለጥቂት ጊዜ ሞከሩት። ዘበኛው አቶ ሽብሩ «ኦቦ ዋቅወያ፣ ራጁ ካበቃ እግሩን ለወጥ ስጡኝ፤ ለሁለት ሥራ ይዋል» እያሉ ያስቁ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በግ ሲጠፋ ወደ እጃቸው ተመለሱ። የረዳታቸው ጥፍርም መጥቆር ጀምሮ ነበር። ያ ክፍል ከሰው ላይ በዝግታ የሚወስደው ነገር እንዳለ እያየን ነው የቆየነው።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከሲሬ ወደ ነቀምቴ የሚመጣ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ተቃጠለ። ሁለት ሰዎች አብረው ተቃጠሉ። አንደኛው ሾፌሩ፣ የነጋዴው የአቶ ፈድሉ ወንድም ሲሆን ሌላው መንገድ ላይ የተሳፈረ ክርስቲያን ነበር። አንዱ ወደ እስላም መቃብር፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረበት፤ የትኛው የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ሁለቱ ቤተሰቦች በሐኪም ቤቱ ግቢ ፊትና ኋላ ቆመው ውለዋል። አቶ ዋቅወያ ሾፌሩ ከዓመት በፊት የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ በመጣ ጊዜ ያነሱትን ፊልም ከመደርደሪያ አወጡ፤ ሁለቱንም አስከሬኖች አንሥተው አስተያዩ፤ ሾፌሩን ለዩ። አቶ ፈድሉ ወንድማቸውን ፀሐይ ሳይጠልቅ ቀበሩ። በአገራችን የሞተ ሰው በአጥንቱ ምስል ሲታወቅ እኛ ስናይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ፊቱ ያልታወቀ ሬሳ ባገኘ ቁጥር ወደ አቶ ዋቅወያ መላክ ጀመረ። ሕዝቡም ስም አወጣላቸው፤ «የሙታን ጸሐፊ» ይሏቸው ነበር። ስሙን አልወደዱትም። አንዳንድ ሰዎች በመንገድ ሲያገኟቸው ቀኝ እጃቸውን እንጂ ግራቸውን እንዳይነኩ ይጠነቀቁ እንደ ነበርም አይተናል።

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. የሆነውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። ግን እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ይናገሩት ስለነበር አንደብቀውም። በሲሬ በኩል አንድ የእህል ጎተራ ተቃጥሎ ውስጡ የሰው አስከሬን ተገኘ። አቶ ዋቅወያ ቢያነሱት የጭን አጥንቱ ከዚህ በፊት ተሰብሮ የገጠመ ነው። ከመደርደሪያቸው ልክ አንድ ዓይነት ፊልም ወጣ፤ ላዩ ላይ «ተክለጻድቅ» የሚል ስም አለ፤ የኪራሙ ገበሬ ነው። አስከሬኑ ለቤተሰቡ ተሰጠ። ተለቀሰ፤ ተቀበረ።

አርባው ሲወጣ፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ ካህናቱ እየጸለዩ ሳለ አቶ ተክለጻድቅ ከጎጃም ንግድ በቅሏቸውን እየነዱ ግቢው ገቡ። ገሚሱ ሸሸ፤ ገሚሱ አማተበ። እሳቸው ሳቁ። «የማን ተዝካር ነው?» ብለው ጠየቁ። አንድ ሰው እንደ ምንም ብሎ «ያንተ» አላቸው። «እንግዲያስ ለኔ የተደገሰ ከሆነ ቅድሚያ ለኔ ቅዱልኝ!» አሉ፤ አሁንም እየሳቁ። እናታቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ሳለ ዙሪያውን ተመለከቱና «ወሰኔ የት አለ? ወንድሜ ሲያለቅስልኝ አላየሁትም» አሉ።

ቤተሰቡ ወሰኔ ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደ መስሎት ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ገባው። በአገራችን የሐኪም ቤት ካርድ የአንድ ሰው ሳይሆን የአንድ ቤት ንብረት ነው። ከቤቱ የታመመ ሁሉ እሱኑ ይዞ ይመጣል፤ እኛ የሐኪም ቤት ሰዎች እንኳ በቤታችን እንዲሁ እናደርጋለን። አቶ ወሰኔ እግራቸው በተሰበረ ጊዜ የመጡት በወንድማቸው ካርድ ነበር። ፊልሙ አልዋሸም፤ አጥንቱ የወሰኔ ነው። ስሙ ብቻ የሌላ ሰው ነበር። እናትየው አንዱን ልጃቸውን በዚያች ሰዓት አግኝተው ሌላውን በዚያችው ሰዓት ቀበሩ። ለቅሶውም እንደ ገና ተጀመረ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ አቶ ዋቅወያ አንድ ሥርዓት አወጡ። በፊልም ላይ የሚጻፈው ስም ከካርድ አይወሰድም፤ በሽተኛውን ይዞ ከመጣው ሰው አፍ ይወሰዳል። እናት፣ ሚስት፣ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወደ በሽተኛው እየጠቆሙ «ይህ ማነው?» ይሉታል። ሰዉ ይስቅባቸው ነበር። አንዲት ሴት «ኦቦ ዋቅወያ፣ ካርዱ እኮ በእጅዎ ነው! ማንበብ አቃተዎት?» ያለቻቸውን ሁላችንም ሰምተናል። እሳቸውም «ካርዱ አያውቀውም። አንቺ ነሽ የምታውቂው። በይ ጥሪው» አሏት። ሴትዮዋ ሳቋን ትታ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠራች። በሕይወት ያለ ሰው በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲጠራ መስማት የሚያስፈራ ነገር ነበረው። ለሌላ ቀን የተቀመጠ ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃልና።

የመጨረሻ ጉዟቸውም ይኸው ሥራ ነው። በሐምሌ መጨረሻ በአንገር ጉቲን ቆላ የሰው አጥንት ተገኘ፤ አንድ የኪራሙ ቤተሰብ የጠፋ ልጃችን ነው አለ ተብሎ ከፖሊስ መልእክት መጣ። መሣሪያውን ወደዚያ መውሰድ አይቻልም፤ አጥንቱ ወደዚህ መምጣት አለበት። ቀደም ሲል የሁለት ሰው አጥንት በአንድ ጆንያ ተደባልቆ መጥቶ ስለ ነበር፣ አቶ ዋቅወያ ራሴ ሄጄ ካልሰበሰብኩት አሉ። አባላት ወንዙ ሞልቷል፣ መስቀል ይለፍ ብለው ለምነዋቸዋል። «መስቀል እስኪደርስ ጅቡ ይቀድመኛል» ብለው አቶ ነመራን አስከትለው ወጡ። ላንድሮቨሩ መንገዱ እስካለቀበት አደረሳቸው፤ ከዚያ በበቅሎ ወረዱ።

ከታንኳው የተረፈው ቀዛፊው ብቻ ነው። እሱም ለፖሊስ ሲናገር፣ ግንድ መጥቶ ገለበጠን፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካኪ ኮት ስለ ለበሱ የትኛው እንደ ጮኸና የትኛው ዝም እንዳለ ለይቼ አላውቅም ብሏል። ካኪ ኮቱን የሰጠናቸው እኛው ነን።

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም አለፈ። በዚህ ወር መጀመሪያ ውኃው ሲጎድል የጉቲን ገበሬዎች ከታችኛው ዳርቻ አንድ አስከሬን አግኝተው በቃሬዛ አመጡልን። ፊት የለውም። ቁመታቸው ተመሳሳይ ነበርና በቁመት አይለይም። ኮቱ የሐኪም ቤታችን ነው። ግራ እጁ ግን ከዛፍ ሥር በጭቃ ተቀብሮ ስለ ነበር አጥንቱ ሳይጎድል ተገኝቷል።

ነርሷ ወይዘሮ ሐረግወይን መሣሪያውን አስነሥተው ያን እጅ አነሱ። አለቃውና ረዳቱ ከሄዱ ወዲህ በዚያ ክፍል ፊልም ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ ከመደርደሪያው ሥር ያ የእንጨት ሣጥን ወጣ። ሐኪማችን የእጆቹን ፊልሞች በመብራት ላይ አንድ በአንድ ሲያዩ በሁለት ተከፈሉ። በአንዱ እጅ ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ድሮ ተሰብሮ ጠምዘዝ ብሎ የገጠመ ነው፤ በሌላው እጅ ይህ የለም። ከወንዙ የመጣው እጅ ስብራት ያለበት ነበር፤ መጋጠሚያው አንድም ሳይለይ አንድ ሆነ። እንግዲህ ይህ ሰው ከሁለታቸው አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም። የትኛው እንደሆነ ግን በፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። የሰው ሁሉ ስም ሲያስጠሩ የኖሩ ሰዎች የራሳቸውን እጅ ስም ሳያስጠሩ ቀርተዋል።

በሠራተኞች መካከል ክርክር ተነሣ። ስብራቱ ከውጭ የሚታይ ስላልነበረ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ሽብሩ «ጥፍሩን እንይ፤ የኦቦ ዋቅወያ ይበልጥ ጥቁር ነበር» አሉ፤ ጥፍር ግን ውኃው አላስቀረም። ሌላ ሰው «ለአለቃው እንስጠው፤ የልጆች አባት ነው፤ ረዳቱ እናት እንጂ ሚስት የለውም፣ ይጠብቃል» አለ። ይህን የተናገረው አባል ክፉ ሰው አይደለም፤ ድካምና ሽታው ነው ያናገረው። የዚያን ሰው ቃል የመለሰው የአቶ ተክለጻድቅ ተዝካር ነው። አንድ ሰው ብቻ «ወሰኔ» አለ፤ ነገሩም በዚያው ቆመ።

ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ተጠሩ፤ የአቶ ዋቅወያ ባለቤት ወይዘሮ ሎሚና የአቶ ነመራ እናት አዴ ድርቤ። አንዷን አስቀድሞ ሌላዋን ማስቆየት ደስ ስላላለን አብረው እንዲገቡ ተደረገ። አስከሬኑን አላሳየናቸውም። ፊልሙ ብቻ በመብራቱ ላይ ነበር። ሐኪማችን ጣታቸውን ሳይጠቁሙ፣ የትኛው አጥንት እንደሆነም ሳይናገሩ «ከዚህ በፊት እጁ ተሰብሮ ያውቃል?» ብለው ሁለቱንም ጠየቁ።

አዴ ድርቤ ቃሉ ሳያልቅ «የኔ ልጅ ተሰብሮ አያውቅም! ከዛፍ ወድቆ እንኳ እንደ ድመት ነው የቆመው» አሉ። ወይዘሮ ሎሚ ዝም አሉ።

ያ ዝምታ ምን እንደሆነ በክፍሉ የነበርን ሁሉ ገብቶናል። ወይዘሮ ሎሚ «እኔም አላውቅም» ቢሉ ማንም አይመረምራቸውም ነበር። ባላቸው በአንድ ቆላ ጎጆ በወባ ተኝቶ የሚያገግም፣ አንድ ቀን በር የሚያንኳኳ ሰው ሆኖ ይቀርላቸው ነበር። ልጆቻቸውም አባት እንዳላቸው ያድሩ ነበር። መብራቱን እያዩ ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ግራው ነው። ከትንሿ ጣት በታች። በተጋባን ዓመት የቤታችንን ጣውላ ሲያወርድ ወደቀበት። ወጌሻ ነው ያሸው። ለሐኪም ቤት ሰው እንዳትናገሪ አለኝ። የራጅ ሰው ወጌሻ ዘንድ ሄደ ብለው ዕድሜ ልካቸውን ይስቁብኛል አለኝ። አልተናገርኩም። ይኸው አሁን ተናገርኩ።»

እውነታቸውን ነው፤ ሰምተን ቢሆን እንስቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሕዝቡን «ወጌሻ ዘንድ አትሂዱ፤ ወደ ራጅ ኑ» ሲሉ የኖሩት እሳቸው ነበሩና።

በዚያን ጊዜ አዴ ድርቤ «ኢልሚ ኮ ጂራ! ጂራ!» ብለው ጮኹ፤ ልጄ አለ፣ አለ ማለታቸው ነው። እልልታቸው ከአፋቸው ወጥቶ ግድግዳውን ከመታ በኋላ ያሉበት ቦታ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወይዘሮ ሎሚ ዞረው አቀፏቸው። «ይበሉ አዴ፤ አያፍኑት። ተራው የኔ ቢሆን እኔም እል ነበር» አሏቸው። ከመካከላችን ያላለቀሰ አልነበረም፤ ያልፈራም አልነበረም።

ሥርዓቱ ግን ገና አልተፈጸመም ነበር። ወይዘሮ ሐረግወይን ብዕር አንሥተው፣ አቶ ዋቅወያ እንደሚያደርጉት ወደ ፊልሙ እየጠቆሙ «ይህ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«ዋቅወያ ጉሉማ ነው» አሉ ወይዘሮ ሎሚ። «ባሌ ነው።»

ስሙ እንደ ተጠራው ተጻፈ።

በቀብሩ ዕለት ከሲሬ፣ ከኪራሙና ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ ብዛት ለከተማችን አዲስ ነው። አቶ ፈድሉ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ መቃብሩ በር ተከትለዋል። አንድ ጊዜ በስማቸው ሰው የተቀበረባቸው አቶ ተክለጻድቅ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ተሸክመዋል፤ እንዲያሳርፏቸው ሰዎች ትከሻ ሲያቀርቡላቸውም አልለቀቁም።

ማኅበራችን በሐዘኑ ላይ ተሰብስቦ የሚከተለውን ወስኗል። ከእንግዲህ በራጅ ክፍሉ ማንም ሠራተኛ መሣሪያውን በገዛ እጁ አይሞክርም፤ በግ ቢጠፋም። ያ እጅ ነው ለአቶ ዋቅወያ መቃብር ያስገኘላቸው፤ ያው እጅ ነው በቁማቸው ሲበላቸው የኖረው። የትኛውን እናመስግን፣ የትኛውን እንርገም? ይህን ለእግዚአብሔር ትተነዋል። ነገር ግን ወደ ቆላ ወይም ወንዝ ተሻግሮ ለሥራ የሚሄድ አባል ሁሉ ከመሄዱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ግራ እጁን ያስነሣል። ስሙም ከቤቱ ሰው አፍ ተወስዶ ይጻፍበታል። ይህ ውሳኔ ሲነበብ ከአባላት መካከል ባለቤቱን የቀበረ፣ በቤቱም ሌላ ሰው የሌለው ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። እንዲህ ያለውን አባል ጎረቤቱ ይጥራው፤ ጎረቤትም ከሌለው ማኅበሩ ቆሞ ይጥራው ተብሏል። ጥያቄው ተራ ጥያቄ አይደለም። ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ እኔን በስሜ የሚያውቀኝ ማነው ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ደግ ነው።

ለወይዘሮ ሎሚ፦ እውነቱን በተናገሩበት ሰዓት የከፈሉትን እኛ አይተናል። ልጆችዎ የአባታቸውን መቃብር የሚያውቁ ልጆች ሆነው እንዲያድጉ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ማኅበሩ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላም ከደጅዎ አይርቅም። ለአቶ ዋቅወያ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለጉባኤያቸው ምእመናን፣ ለሐኪም ቤታችን ሠራተኞች፣ እንዲሁም የሞተባቸውን ሰው በእሳቸው እጅ ያወቁ ቤተሰቦች ሁሉ፣ የሰውን ስም ከአጥንቱ ጋር አስቀድሞ የሚያውቅ ጌታ ያጽናናችሁ።

የቀረን አንድ ነገር ነው።

ስለ አቶ ነመራ ታፋ ማኅበሩ መርዶ አላወጣም፤ በዚህ ወረቀትም አያወጣም። በአንገር ዳር የምትኖሩ ገበሬዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ከብት ጠባቂዎች፣ ወንዙ በየሳምንቱ እየጎደለ ስለሆነ የምታገኙትን ነገር ሳትነኩ ሰው ላኩብን። በጆንያ አታድርጉት። ከሌላ ጋር አትቀላቅሉት።

ከሣጥኑ ከወጡት ሁለት እጆች ስብራት የሌለበት የማን እንደሆነ ማወቅ ለማንም አይቸግርም። ቢሆንም ሥርዓቱን ለመጠበቅ አዴ ድርቤን ጠርተን፣ ፊልሙን በመብራቱ ላይ አድርገን «ይህ ማነው?» ብለን ጠይቀናቸው ነበር። አዴ ድርቤ የጣቶቹን አጥንት አንድ በአንድ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። «ስሙን ለእናንተ የሚሰጡት የሞተ እንደሆነ ነው፤ አውቃለሁ» አሉ። «የልጄን ስም እቤቴ ይዤዋለሁ። ሲመጣ እጠራበታለሁ።»

ወይዘሮ ሐረግወይን ብዕሩን መልሰው አስቀመጡ። ፊልሙ በራጅ ክፍሉ መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጧት ጧት ፀሐይ ስትወጣ የእጁ አጥንት ከመንገዱ ይታያል። አዴ ድርቤ ወደ ገበያ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል። ስሙን ሁላችንም እናውቃለን። አልጻፍነውም።

ስለ ማኅበሩ
ሀብተጊዮርጊስ ገብረኪዳን
ጸሐፊ